መልህቅ ያልተጣለበት ቤት

የማስተምረው ከአምቦ ወጣ ብላ ባለች፣ ጎጆ በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ገበያ ላይ ድንች የጫነ መኪና ሸራው በነፋስ ሲርገበገብ ስሰማ፣ አምቦ ያለው የቤታችን በር ድቅን ይልብኛል።

አባቴ ወጣትነቱን ምጽዋ በመርከበኝነት ነው ያሳለፈው። ከባሕሩ ከተለያየ በኋላም አነጋገሩ አልለቀቀውም። እናቴ ስትቆጣ፣ «ማዕበል ተነሥቷል፤ ሸራ አውርዱ» እያለ ዝም ያሰኘን ነበር። ሲመሽ ሁላችንም መግባታችንን በዓይኑ ይቆጥርና የግቢውን በር በገመድ፣ በመርከበኛ ቋጠሮ አስሮ፣ «መልህቅ ተጥሏል» ይላል። ራት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ተኩስ ተሰምቶ ከተማው በጊዜ ጭር አለ፤ ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። አባቴ ገመዱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አባዬ፣ መልህቅ አንጥልም እንዴ?» ብዬ ተነጫነጭኩ። ርቦኝ ነበር።

«ሰው ሳይሟላ አይጣልም፣ ልጄ።»

ገመቹ እስከ ዛሬ አልመጣም። በሩም ከዚያ ወዲህ ታስሮ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ስገባ አባቴ በዓይኑ ቆጠረኝ፤ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መንገዱን ተመለከተ። ገመዱ እጁ ላይ ነበር።