አወልን ጉድጓድ ውስጥ ትቶት ሄደ

በቡሄ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ እኔ የምሰማው የወንድሜን ወንጭፍ ነው፤ ጧ ሲል ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ቀወት ያለው የማሽላ ማሳችን ከነማማው፣ ከነእርጥብ አገዳው ሽታ ተከትሎት ይመጣና የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ።

ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ይወርድብን ስለነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና እኔ ገና ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ወጥተን፣ እሱ እኔ ከቃጫ የጎነጎንኩለትን ወንጭፍ እያጮኸ፣ እኔ ቆርቆሮ እየደበደብኩ እንውል ነበር። ወፉ ጋብ ሲል ከራሱ የፈጠረውን ታሪክ ካቆመበት ይቀጥልልኛል። ታሪኩ አወል ስለሚባል ግመል ነጂ ነበር፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለስ ሽፍታ ግመሎቹን ነድቶበት፣ እነሱን ለማስመለስ ቆላ ለቆላ የሚንከራተት። አወል ሊያሸንፍ ትንሽ ሲቀረው ሰይድ «ግሪሳ መጣ» ብሎ ይነሳና ድብን ያደርገኝ ነበር።

በበጋ ወንዝ ወርደን ውሃ ስንቀዳ፣ በክረምት ዝናብ ቤት ሲዘጋብን አወል ይሸነፋል፣ ይታሰራል፣ ይጠማል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ አለቀስኩ።

«ጋሼ፣ በቃ አሁን ያሸንፍ።»

«አሁን ቢያሸንፍ ምን ይጥማል? አንቺ ገና ያሸንፋል እያልሽ ነዋ። ተስፋሽ ጥርግ ብሎ ሲያልቅ ነው የሚያሸንፈው። ደሞ መልአክ ወርዶ አያወጣውም፤ ከመጀመሪያው በእጁ በነበረው ነገር ነው የሚወጣ» አለኝ።

ታሪኩ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ሽፍታው አወልን ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ አፉን በድንጋይ ዘጋበት፤ ወገቡ ላይ የቀረው እህቱ የሠራችለት ወንጭፍ ብቻ ነበር። ሰይድ እዚህ ላይ አቆመና በማግሥቱ ወንጭፉን ለእኔ ትቶልኝ ጨው ሊገዛ ገበያ ሄደ። የዚያን ዕለት ገበያው ላይ አፈሳ ነበር። ወጣቱን ሁሉ ለጦርነቱ በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ ለእኛ ጎረቤታችን ጨው የተቋጠረበትን ጨርቅ ይዞልን መጣ።

እናቴ ሰይድ ቤት የተወውን ሽርጥ አጥባ፣ አጣጥፋ ራስጌዋ አኖረችው። በየጁምዓው ዱዓ ታስደርጋለች፣ አስፋልቱ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ትላለች። እኔ ግን የታሪኩን ሕግ አውቀዋለሁ፤ ተስፋ ካልቆረጥን ሰይድ አይመጣም። «ሞቷል፣ ሞቷል» እያልኩ ራሴን ላሳምን እታገል ነበር፣ ልቤ ግን እምቢ ይለኛል። ከእኔ የባሰችው ደግሞ እሷ ነበረችና፣ አንድ ቀን ማሽላ ስትፈጭ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ «እማዬ፣ አንቺም ተስፋ ቁረጪ» አልኳት።

መጁን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን አልሽ፣ ዘይነባ?»

«ሰይድ አይመጣም በይ። ከልብሽ በይው።»

አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ወፍጮው መልሳ መፍጨቷን ቀጠለች፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም።

ደርግ ሊወድቅ ሰሞን ወታደሩ በባዶ እግሩ፣ ቁስሉን በጨርቅ አስሮ፣ በአስፋልቱ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር። እናቴ እንስራዋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ውሃ እያጠጣች የእያንዳንዱን ፊት ታያለች፣ ስለ ሰይድ ትጠይቃለች። «ክፍሉ የት ነበር፣ እናቴ?» ይሏታል፤ እሷ ምን ታውቃለች። ጎርፉ ሲነጥፍ ብቻውን የዘገየ፣ ሱሪው የተበጫጨቀ ልጅ መጣ። ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ እናቴ ቤት ገባችና ሽርጡን አምጥታ ሰጠችው።

«ልበሰው ልጄ፤ ባለቤቱ አይመጣም» አለችው፣ ከልቧ።

እኔ ደስ አለኝ። ወንጭፉን ይዤ ሮጥኩና አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ፤ አሁን አለቀ፣ አሁን ይመጣል ብዬ። ሽርጡን ያገለደመው ልጅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ከኋላው የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ተከታታይ ፊልም ያያሉ፤ ጀግናው ያለቀለት ሲመስል ያሸንፋል፣ እነሱም ያጨበጭባሉ፣ እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ያኔ ተስፋ መቁረጥ አቅቶኝ አለቅስ ነበር፤ አሁን ከቆረጥኩ ስንት ዘመኔ። አወል ግን እስከ ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ወንጭፉም እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።