የመጨረሻዋ ስፖርት መኪና

ፈረንሳዊው አሠሪዬ ጠዋት ጠዋት የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ጣቱን እየሰደደ አቧራ ይፈልጋል። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ አቧራ ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ጣቱን ያሳየኛል፤ እኔም ጨርቄን ይዤ እመጣለሁ።

በቀረው ጊዜ አንድ ዓይነት የድሮ ስፖርት መኪና ያሳድዳል። ፋብሪካው ማምረት ሊያቆም ሲል የሠራቸው የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች የት እንደደረሱ ካላወቀ እንቅልፍ የለውም። አንዷ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ቆማለች ተባለ። ለነጋዴው ደውዬ፣ መኪናዋን ማየት የሚፈልግ የፈረንጅ እንግዳ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው። «ቤታችሁ ነው፤ አርብ ኑ» አሉኝ።

አርብ ስንደርስ ሽማግሌው ነጋዴ ራሳቸው በር ከፈቱልን። ግቢው ታጥቧል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። መኪናዋም ለእንግዳ ተሰናድታ፣ ውስጧ ሳይቀር አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብታ ታብረቀርቃለች። አሠሪዬ ኮፈኑን ከፍቶ የፋብሪካ ቁጥሯ የተጻፈባትን ትንሽ ቆርቆሮ ፈለገ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ መሆኗን የምትመሰክረው እሷ ብቻ ነበረች።

«እሷማ ዝጋ ነበር፤ ነቅለን ጣልናት» አሉ ሽማግሌው። «እንግዳ እየመጣ ዝገት እናሳያለን እንዴ?»

ተረጎምኩለት። ቆርቆሮዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ጣቱን ቀስ አድርጎ ሰደደና አንስቶ አየው። ንጹሕ ነበር። ስንት ጠዋት አቧራ ያለበትን ጣቱን አሳይቶኛል፤ እንደዚያ ቀን አዝኖ ግን አይቼው አላውቅም።