ሻለቃው ታቦር ወጣ

ሶልያና ፒያሳ ላይ ከእኔ ጫማ ሱቅ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ደንበኛ ሲጠፋ በሯ ላይ ቆማ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለዚያ ስለ ድሮው የፌስቡክ ገጽ። ሌላው ሰው የጉርምስና ፍቅሩን ሲናፍቅ፣ እሷ የምትናፍቀው ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጣ፣ መስመሩ እየተቆረጠባት፣ ከኋላዋ ወረፋ የያዘው እያጉረመረመባት የጻፈችውን ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይልቅ ባል ፈልጊ» እላታለሁ። ትስቃለች። ሰሞኑን ግን ያ ሳቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለች አገር ምድሩ የሚያዳምጠው የሬዲዮ ድራማ ነበር። ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ተቋረጠ። አድማጮቹ ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሶልያና ገጽ ከፈተች፣ ሌሎቹ ተከተሏትና ቀሪውን ታሪክ ራሳቸው ይጽፉት ጀመር። እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ወሰደ፤ እውነተኛ ስም መጠየቅ ነውር ነበር። ሶልያና የድራማውን ሴት ሐኪም ስም ወሰደች። ክፉውን ሻለቃ የያዘው ሰው ከሁሉም የሚበልጥ ጸሐፊ ነበር ትላለች። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚጽፍ ግን ማንም አያውቅም።

ደንባቸው እንግዳ መቀበል ነበር። ተራው የደረሰ ሰው የድራማውን ሰዎች ወደ ራሱ ከተማ፣ ወደ ራሱ ቤት አምጥቶ ይጽፋል። የፈጠራ ሰፈር መጻፍ አይፈቀድም፤ የጅማው ጅማን፣ የደሴዋም ደሴን እንዳለ ነው የሚጽፉት። በእኛ አገር ደግሞ ቤት የሚገኘው በምልክት ነው። ስለዚህ ሶልያና ሐኪሟን ወደ ሰፈሯ ወደ ታቦር ስታመጣት ከአስፋልቱ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ሰማያዊ በር፣ ጓሮ ጓዳውን ሳይቀር ጻፈችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኢንተርኔትማ የባሰበት ነው። ዛሬም የምትኖረው እዚያው ቤት ነው፣ ከእናቷ ከእትዬ አለምነሽ ጋር። ቀን ቀን እናትዬዋ ብቻቸውን ናቸው።

አባላቱ ወለዱ፣ ተሰደዱ፣ ገጹም ጭር አለ። ባለፈው ክረምት ናፍቆቱ አላስቀምጥ ብሏት «ማን አለ?» ብላ ጻፈችበት። የደሴዋ መለሰች፣ የጅማው መለሰ። ያን ሰሞን ሶሊ ወረቀት እያባዛች ታንጎራጉር ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አውቄ!

ከዚያ ሻለቃው መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ምዕራፍ። ሶሊ ስልኳን ይዛ ሱቄ ገባችና አነበበችልኝ።

«ሻለቃው ታቦር ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። በሩ ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን አረንጓዴ ቀብተውታል። አሮጊቷ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃቸው ካልመሸ አትመጣም።»

በሩን ለፋሲካ አረንጓዴ ስትቀባው ብሩሽ ያዋስኳት እኔ ነኝ። ፈራሁ፤ ሽማግሌ አይፈራም ያለው ማነው?

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ተረኛው አነበበና «ታዲያ ምን አደረገሽ? ድርሰት እኮ ነው» አለ። መጀመሪያ ቤቱን የጻፈችው እሷው እንደሆነች ስትነግረውማ ጭራሽ ሳቀ። ተናድጄ የማይሆን ነገር ልናገር ስል እጄን ይዛ አወጣችኝ።

«አጥፊው ይሄን ገጽ!» አልኳት መንገድ ላይ።

«የሁሉም ሰው ጽሑፍ እኮ አብሮ ይጠፋል፣ ጋሽ ሙሴ። ሰው የሆንኩት እዚያ ላይ ነው። እዚህ ፎቶ ኮፒ ነኝ።»

«እናትሽስ?»

ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተችው፣ መልሳም ዘጋችው። አሳዘነችኝ።

በማግስቱ ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሰች። ሐኪሟና እናቷ የታቦሩን ቤት ሸጠው አርባ ምንጭ ገቡ ብላ ጻፈች። ሻይዋን ሳትጨርስ መልስ መጣ፤ «ሐኪሟ ድሮ አትዋሽም ነበር። እናቷ ዛሬ ጠዋት ደጅ ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አይቻለሁ።»

ያኔውኑ ገጹን አጠፋችው። የሷም፣ የጅማውም፣ የደሴዋም የወጣትነት ዘመን አንዴ በመንካት ሄደ። ፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ተገላገልሽ» አልኳት፤ ከልቤም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። እትዬ አለምነሽ ናቸው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሶሊዬ፣ እንግዳ መጥቶልሽ ነበር እኮ!» ደስ ብሏቸዋል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ። እጁን ሊታጠብ ብድግ ሲል፣ ቧንቧው በጓሮ በኩል ነው ሳልለው ሄደ። ከዚህ በፊት እኛ ቤት መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

«እማ፣ አሁን የት አለ?»

«ሄደ። ገጹ ከጠፋ በአካል ከመምጣት ሌላ ምን ቀረኝ አለ፤ የምን ገጽ እንደሆነ እንጃ። እህል አልቀመሰም፣ ውሃ ብቻ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ለነገ ምሳ ጠርቼዋለሁ። ሶሊ ሥራ ላይ ናት ብለው፣ እሷ ባትኖርም ግድ የለም አለኝ።»