በሽቦው ማዶ የጮኽኩት ቃል

ፖሊሶች ከስፌት ማኪናዬ ላይ ነው ያስነሱኝ። እግሬ መርገጫው ላይ ነበር፤ ያልተጨረሰ ሱሪም ከመርፌው ሥር። ስለ አንድ ደንበኛዬ ጠየቁኝ። የወገቡን ልክ እንጂ የሆዱን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። "እዚያ ስትደርስ ታስታውሳለህ" አሉኝ። ልጄ ከጓዳ ወጣች። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ሱሪውን አጥፌ ሰጠኋት። "ባለቤቱ ነገ ይመጣል፤ እግሩን አንቺ ቀምቅሚው" አልኳት። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። በቤታችን ብዙ ማውራት አልተለመደም። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ያሳደግኋትም በትእዛዝ ነው።

ያስገቡን ቤት እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ጀርባው በብናኝ ነጥቶ ይነሣል። ወራቱ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እርስ በርሳችን አንሰማማም። ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። እስረኛው "አያ መቀስ" የሚል ስም አወጣልኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ሰምተው ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን የሰውን ወሬ መሐል ላይ ስለምቆርጥ እንደሆነ ገባኝ። ካርታ ሲጫወቱ እቆጣለሁ፤ ሲሳደቡ እቆጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። ስፌት የተማርኩትም አሮጌ ኮት ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቃትን ጥቂት ነገር ሁሉ ሕግ ያደርጋታል።

ከጎኔ የሚተኛው ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ነርስ። ሁሉም "ዶክተር" ይለዋል።

"ወንድ ልጅ ማዋለጃ ክፍል ምን ይሠራል?" ብዬ ጠየቅሁት በመጀመሪያው ቀን።

"የሚወለደው ልጅ የሚቀበለውን አይመርጥም አያ" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጠያቂ የሚገባው እሑድና ረቡዕ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት የሽቦ አጥር አለ፤ በመካከሉ ፖሊስ ይመላለሳል። እኛ ወዲህ፣ ጠያቂው ወዲያ ሆነን ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንጮኻለን። የጠበቃ ነገር፣ የእርሻ ነገር፣ የታመመ ዘመድ፣ ሁሉም በጩኸት ነው። ምሥጢር ይዞ የመጣ ሰው ይዞት ይመለሳል። ስንቁን በር ላይ የቆመችው ሴት ፖሊስ ያመጣውን ሰው አስቀምሳ ታስገባለች።

ልጄ ከሰፈራችን ከአዘዞ በሚኒባስ እየመጣች ስንቅ ታቀብለኝ ነበር። አንድ ነገር አዝዣት ነበር፤ ከደብራችን ገብታ ለመፈታቴ ሻማ እንድታበራና በጠርሙስ ጠበል እንድታመጣልኝ። እሑድ ስትመጣ ጠበሉ የለም።

"ጠበሉስ?"

"አልተመቸኝም አባ!"

በሌላውም እሑድ አልነበረም። ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ልጄ ከቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ወደ ሽቦው ስወጣ፣ ከጠያቂው ሁሉ እሷ ብቻ ዝናብ ያራሰው መሬት ላይ ተቀምጣ አየኋት። አባት ቆሞ ልጅ ተቀምጣ!

"ተነሺ!" አልኳት።

ሽቦውን ጨብጣ ተነሣች።

"ቤተ ክርስቲያን ገባሽ?"

"አልገባሁም።"

"ምነው? አባትሽ ሲታሰር እግዜሩም አብሮ የታሰረ መሰለሽ?"

አቀረቀረች። የለበሰችውን ቀሚስ ለፋሲካ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ትከሻው ወርዶ ብብቱ ተንዘላዝሏል። ልኬ አይሳሳትም ባይ ነኝና "እዚህ ጋ ሁለት ጣት መግባት አለበት" እያልኩ በዐይኔ እሰፋው ነበር። ቀሚሱን አየሁ፤ ልጅቱን አላየሁም።

ወደ ክፍል ስንመለስ አጉረመረምኩ። ነርሱ ሲሰማኝ ቆየና፣

"አያ፣ ልጅዎ ከመቼ ወዲህ ነው ቤተ ክርስቲያን ያልገባችው?" አለኝ።

"እኔ ከታሰርኩ ወዲህ። ተቆጪ ሲያጡ እንዲህ ነው።"

"የተቀመጠችው ዛሬ ብቻ ነው?"

"ባለፈውም አጥሩን ተደግፋ ነበር። ስንፍና ነው።"

"ከንፈሯን አይቼዋለሁ፤ ቀለም የለውም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ ያልገባችው መግባት ስለማይሆንላት ይሆናል።"

ገባኝ። በአገራችን ሴት ልጅ ደም ላይ ሳለች ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያጠብቅ አባት በሰፈራችን አልነበረም። ነገር ግን የጥቂት ቀን ጉዳይ ነው። እኔ ከታሰርኩ ወር አልፎኛል።

"አፍህን ያዝ!" አልኩት። "የልጄን ገላ በእስረኛ መሐል ታወራለህ?"

ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ገቱ። "አያ መቀስ ቆረጠው" አለ አንዱ ከጥግ።

ነርሱ አልተቀየመኝም። "ይቆጡኝ። በዚህ ሥራ ያልተቆጣኝ አባት የለም።"

ዝናቡ መጣና ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። በዚያ ጫጫታ ተሸሽጌ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ "እናቷም ይበዛባት ነበር" አልኩት። "የሴት ነገር ነው፤ ያልፋል።"

"አንዳንዱ ያልፋል። ከሳምንት ከበለጠ፣ በየሰዓቱ ጨርቅ የሚያስለውጥ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከበዛበት ግን ሐኪም ይየው። ቆማ ካዞራት፣ ትንሽ ተራምዳ ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ነው።"

"ጠበሉንስ ብትጠጣ?"

"ትጠጣ እንጂ። ጠበሉ መቼ ሐኪም ቤት አትሂጂ አላት?"

ረቡዕ ሩቅ ነበር። "ለሴቷ ፖሊስ ይንገሯት፤ ሴት ለሴት ይሻላል፤ መልእክት ትሰድልዎታለች" አለኝ። ምክሩ ሸጋ ነበር። በሩን መታሁ። የመጣው ግን በሽቦው መሐል የሚመላለሰው ፖሊስ ነው፤ የልጄ እኩያ ቢሆን ነው።

"ምንድን ነው አባት?"

"ሴቷን ፖሊስ ፈልጌ ነበር።"

"ለምን ጉዳይ?"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። "ተወው" አልኩት።

"በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ሴት አማረህ?" ብሎ እየሳቀ ሄደ። ከኋላዬም የሳቀ ነበር።

ሲፈትሹኝ ልብሴን አስወልቀውኝ ያውቃሉ፤ እንዲህ አላፈርኩም። መጀመሪያ በሳቁ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ተቀምጬ ሳስበው ግን በልጄና በሐኪም መካከል የቆመው አንድ ቃል ነው። ቃሉን ማለት ያቃተኝም እኔ ነኝ።

ረቡዕ ስንወጣ "ከኋላዎ እቆማለሁ" አለኝ።

ልጄ መጣች። ከጎኗ አንዲት ደልደል ያሉ እናት ከእኛ ጋር ለታሰረው ልጃቸው ይጮኻሉ። "ፍየሏ መንታ ወለደች! አንዱ ጆሮው ልክ እንዳንተ!"

"ጤናሽ እንዴት ነው?" አልኩ እኔ።

"ደኅና ነኝ አባ!"

"ያ ነገር... የሴት ነገር..."

"ምን?"

"ልማድሽ!"

"አይሰማኝም አባ! ምን ላምጣልህ?"

"መንታ ነው የምልህ!" አሉ ባለፍየሏ።

ልጄ ሽቦውን ጨብጣ ተደግፋው ነበር። ከዚያ ርቀት እንኳ የጥፍሯ ንጣት ይታያል። ሳንባዬ የቻለውን ያህል ጮኽኩ።

"የወር አበባሽ! ደምሽ አልቆም ብሏል ወይ?"

ያን ቃል ለሚስቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጩኸቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ባለፍየሏ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ልጄ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሳበች። ከእኛ ረድፍ አንዱ "በስመ አብ!" አለ። እኔ የማይበት አጣሁ፤ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃውን አየሁ።

የጀመረው ነርሱ ነው። ጀርባውን ለሽቦው ሰጥቶ ቆመ። ከጎኑ ያለው እሱን አይቶ ዞረ። ካርታ ተጫዋቾቹ ዞሩ፤ የባለፍየሏ ልጅም ዞረ። የእኛ ወገን ሁሉ ፊቱን ወደ መጋዘኑ ግድግዳ መለሰ። በማዶ ያሉትም ወንዶች ጋቢያቸውን እየተከናነቡ ጀርባቸውን ሰጡን። ያዘዛቸው የለም። ያ የሳቀብኝ ፖሊስ ከመሐል ቆሞ የጫማውን ጭቃ ያይ ነበር።

ያንኑ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፤ በዚያ ግቢ ዝቅ ባለ ድምፅ ስናገር ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

"አዎ አባ" አለች።

"ከመቼ ወዲህ?" አለኝ ነርሱ ሳይዞር በሹክሹክታ። ደገምኩላት።

"አንተ ከተወሰድክበት ሳምንት ወዲህ። ይቆምና ይመለሳል።"

"ስትቆሚ ያዞርሻል?"

"ዛሬ ከሚኒባስ ስወርድ ወድቄ ነበር።"

"ምነው ለሰው አልነገርሽም?"

"ለማን?" አለች።

ለጎረቤት ልል ነበር፤ ጎረቤት ጋ አትዋይ እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

"ስትፈታ እሄዳለሁ ብዬ ነው አባ።"

"ደም እኔ እስክፈታ አይጠብቅም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ።"

"እሺ፣ ስንቁን ላስገባና..."

"ስንቅሽን አልቀበልም። ሐኪም ሳያይሽ ከእጅሽ አልበላም። እዚያው ቁጭ በይና ራስሽ ብዪው።"

ማዘዝ ብቻ ለለመደ ሰው የቀረችው ትእዛዝ እሷ ነበረች። ልጄ ቁጭ አለችና የምሳ ዕቃውን ከፈተች። እኔን እያየች ሁለት ሦስት ጎረሰች፤ እንባዋ ሽሮው ላይ ይወርድ ነበር።

ባለፍየሏ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "አያ፣ ይተዋት፤ እኔ ይዣት እሄዳለሁ" አሉ። "ፍየሏ እንደሆነች ወልዳለች።"

ሴቷ ፖሊስ ከበሩ መጥታ የምሳ ዕቃውን ክዳን ራሷ ገጠመች፤ ልጄንም በክንዷ ደግፋ አወጣቻት። ወንዶቹ መሄዷን ካወቁ በኋላ ነው የዞሩት። ጩኸቱ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ያን ቀን ስንቅ አልነበረኝም። "ቅረብ አያ መቀስ" አሉኝና ከእነሱ ጋር በላሁ። ስለሆነው ነገር ማንም አንድ ቃል አላነሣም፤ ያን ዕለትም፣ እስክለያቸው ድረስም።

እሑድ የመጡት ባለፍየሏ ናቸው። "አያ! ተኝታለች! ደም ሰጧት! ማኅፀኗ ላይ እጢ አለ ብለዋል፤ ክፉ አይደለም፣ ይታከማል! ሐኪሟ ግን ተቆጣችን፤ 'እስካሁን የት ነበራችሁ?' አለች!"

እኔ እንኳ የት እንደነበርኩ ይታወቃል፤ ሽቦ ውስጥ ነበርኩ። ልጄ ግን ኋላ ስትነግረኝ፣ ከመታሰሬም በፊት ይበዛባት ኖሯል። ከሱቄ ነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲጠፋብኝ ማባከን ነው እያልኩ የምቆጣበት ጊዜ ነው። ያኔ በአንድ ጣራ ሥር ነበርን። የሐኪሟ ጥያቄ ዛሬም ስፌት ላይ ሳለሁ ይመጣብኛል፤ መርፌውን አቆማለሁ።

እንደያዙኝ ሁሉ ምክንያት ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ልጄ ደኅና ናት፤ መድኃኒት ትወስዳለች፤ የክትትል ቀጠሮዋን የማስታውሳት እኔ ነኝ። አባት የሆነ ሰው ይህን ቢያነብ አንድ ነገር ልምከረው። ልጅህን እንድታፍር አስተምረሃት ይሆናል፤ እኔም አስተምሬያለሁ፣ በከፊሉ ዛሬም አልጸጸትም። ግን ስትታመም የምትናገርበትን በር ክፈትላት። እኔ የከፈትኩት ታስሬ ነው፤ ይህ አያስመሰግነኝም።

ሥርዓት አላፈርስም፤ ልጄም አታፈርስም። መግባት በማይሆንላት እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ከዛፉ ሥር ትቆማለች። ዱሮ እዚያ ጥያት እገባ ነበር። አሁን ከእሷ ጋር እቀራለሁ። የሚያውቁኝ እያዩኝ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ ያየኛል። ጆሮዬ ይግላል፤ ሐፍረት በአንድ ቀን አይለቅም።

"ግባ እንጂ አባ፣ ሰው ያያል" ትለኛለች።

"ይይ።"

ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ እኛ ይደርሳል። ሲደክማት ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ከጎኗ እቆማለሁ።