ዓመቱ እስኪወጣ ያልተሰማ ሸክላ

ምላሴ አያርፍም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። ጎረቤታችን ባሏን ቀብራ ብዙም ሳትቆይ ሬዲዮ ከፍታ ዘፈን ስትሰማ፣ ለእድሩ ሴቶች እየዞርኩ ያወራሁት እኔ ነኝ። «አፈሩ ሳይደርቅ! ጉድ በል ጎንደር!» አልኩ። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወሬው ጆሮዋ ገባ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችኝም። ይህን አስቀድሜ የማወራው በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

አባቴ ቴፒ የቡና እርሻ ውስጥ ቡና ሲመዝን ያረጀ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ግን ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ከአንድ ባንድ ጋር ይዘፍን ነበር። አንድ ሸክላ አስቀርጿል፤ በዚህ ፊት አንድ ዘፈን፣ በዚያ ፊት አንድ ዘፈን፣ አለቀ። ባንዱ ተበተነ፣ እሱም እንጀራ ፍለጋ ወደዚህ ወረደ። ድርሻው የሆኑትን ሸክላዎች በካርቶን አድርጎ በጭነት መኪና ሲያመጣ መንገዱ ፈጃቸው፤ አንዲት ብቻ ደህና ወጣች። እሷን ለእናቴ ሰጣት። እናቴ የቤንች ልጅ ነች፤ ያኔ አማርኛዋ ገና ነበር። ዘፈኑ «ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ» ይላል። እናቴ ዕድሜ ልኳን ስቃበታለች። «ሚዛን ዝናብ መቼ ያባራል? ገና ከጅምሩ ነው የዋሸኝ» ትላለች።

የማጫወቻችን መርፌ ያለቀው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ሚዛንም ጅማም ተፈልጎ ጠፋ። ሸክላዋ ከእናቴ የክት ነጠላ ጋር ሳጥን ውስጥ ገባች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባቴ ጉሮሮውን ታመመና ድምፁ ጨርሶ ሄደ፤ ውሃ ሲፈልግ እንኳ በእጁ ነበር የሚያሳየን። የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል ሞተ። ከቀብር በኋላ እናቴ የምታነሳው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ፊቱን ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ድምፁ ግን አልመጣ አለኝ። ድምፁ ጠፋኝ እኮ ልጄ» ትለኛለች። እኔም ጠፍቶኝ ነበር።

ፈረንጁ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው። ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ ከበራችን ቆመና በተሰባበረ አማርኛ የአባቴን ስም ጠራ። መሞቱን ስነግረው ደጃፍ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ። እናቴ ውሃ አስመጣችለት። ቆይቶ ታሪኩን ነገረን። በአገሩ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አላቸው፤ ሁሉም ነጮች ናቸው፣ የሚጫወቱት ግን የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈን ነው፣ ሶል የሚሉትን። አሮጌ ሸክላ ለመፈለግ በየሰው ቤት ይዞራሉ። በዚሁ ሲዞሩ የእኛን አገር የድሮ ሸክላዎች አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ አጡ። የአባቴን ዘፈን ግን በዝርዝር ላይ ከማየት በቀር ሰምቶት አያውቅም።

ሸክላ ሰብሳቢ መሆኑን ስሰማ ደሜ ፈላ። ጅማ ላይ ከየቤቱ ለቅመው ሄዱ ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱ እንዳይሰማኝ በእናቴ ቋንቋ «እነዚህ ደግሞ ልቅሶ እንኳ ከሰው ተውሰው ነው የሚያለቅሱት። የጥቁሩን ጨርሰው ወደ እኛ መጡ» አልኳት።

እናቴ ከፈረንጁ ዓይኗን ሳታነሳ «ለቀስተኛ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም» አለችኝ።

ሸክላዋ መኖሯን የነገረችውም እሷው ነች። ሰውዬው ከቦርሳው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጫወቻ አወጣ። መርፌ አላት! ስንት ዓመት የፈለግነው መርፌ። «አሁን እንስማ?» አለ። የእናቴ እጅ ሳጥኑ ላይ ነበር።

«ወይ ጉዴ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ጥቁር ቀሚሴን ይዤ አሳየሁት። «የሐዘን ቤት እኮ ነው! ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን? በቁማችን ልትቀብረን ነው?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ይቅርታ እየጠየቀ ማጫወቻውን መለሰ። እናቴ እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሳች። ቆይታ ሸክላዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ሊያጥባት፣ ሊቀዳት፣ ለሙት ዓመቱ ራሱ ይዟት ሊመጣ ቃል ገባ። እንደማይመለስ በልቤ ምዬ ነበር።

ወር ሳይሞላ ቅጂው በቴሌግራም ስልኬ ላይ ገባ። ለእናቴ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት! «ክፈቺው» አለች። «ዓመቱ ሲወጣ እማዬ፤ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። ሰው ያልኩት ያቺን ባለ ሬዲዮ ጎረቤታችንን ነው። እሷን ያማሁበት ምላስ ዞሮ በእኔ ላይ እንዳይመጣ ፈራሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ የለመነችኝ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። እርስ በርስ እንኳ ጮኸን ካልሆነ የማንሰማማበት ቀን ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በዚህ ዝናብ ማን ይሰማል? ያንን የጆሮውን ነገር አድርጊልኝ። በአንድ ጆሮዬ ብቻ» አለችኝ። ማዳመጫው መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ አንድ እርምጃ። «ስትሰሚው እሪ ትያለሽ፤ ያኔ ሰፈሩ ይሰማል» አልኳት። ይኼ ሰበብ ነው። እውነቱን ልናገር፤ የእሱን ድምፅ መስማት እኔው ራሴ ፈርቼ ነበር። የእናቴን ፍላጎት በራሴ ፍርሃት ቆለፍኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ነው። ሳንባዋን ብርድ መቶት ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ቃል አልተናገረችም፤ በእጇ ጆሮዋን ነካች፣ ከዚያ ኪሴን። አባቴ ውሃ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው። «ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው እማዬ። ትንሽ ታገሺ» ብዬ እጇን ሳምኩ። እሷም ታገሠች። በማግስቱ ጠዋት ሞተች፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፈረንጁ በቃሉ መጣ። ለአባቴ ሙት ዓመት ብሎ ነው የመጣው፤ ድንኳኑን ሲያይ ለሙት ዓመቱ የተተከለ መስሎት ነበር። ሸክላዋን በእናቴ ነጠላ እንደተጠቀለለች ደረቱ ላይ ይዟታል። ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጦ ንፍሮ በላ። ልቅሶው የእናቴ መሆኑ ሲገባው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እማማ ሰምተዋል?» አለኝ።

«ሰምታለች» አልኩት።

ደስ አለው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከጓደኞቹ ጋር ዘፈኑን መጫወት ይችሉ እንደሆነ ፈቃድ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ውሸቴን ይዞ አገሩ ገባ።

እሱ በመጣበት በዚያው ቀን ያቺ ጎረቤቴ እዝን ይዛ መጣች። ሰው ሳሳ ሲል የእናቴን ልመና ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ተናገርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መሰደብም አማረኝ። እሷ ግን ጉልበቴን ይዛ «እኔስ ያን ሬዲዮ የከፈትኩት ቤቱ ዝም ሲል ስለምፈራ ነበር። አንቺ አወራሽ፣ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ተረሳ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልመጣብኝም» አለችኝ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይኼው ነበር።

ሸክላዋን ሳጥኑ ውስጥ መለስኳት። ቅጂውንም አልከፈትኩትም፤ አሁን ደግሞ የእናቴ ዓመት ነበር። ሞኝነቴን አያችሁ? አንዴ የገደለኝን ልማድ ደግሜ አጠበቅኩት፤ ልማዱን ከለቀቅኩማ እናቴን በምን ምክንያት ከለከልኳት?

ከስድስት ወር በኋላ ዘመድ ልጠይቅ ቴፒ ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ከኋላ ስለተቀመጥኩ አላየኝም። ሳክስፎን ጀመረ፣ ቀጥሎ ሰውዬ በአማርኛ ሲዘፍን ተሳፋሪው ሳቀ። «ፈረንጅ ነው እኮ! አፉን ስሙት እስቲ!» አለ አንዱ። «ዝናቡ ሲያባራ...» ሲል የፊቴን ወንበር ጨበጥኩ። አማርኛው የፈረንጅ ነው። አወጣጡ ግን የፈረንጅ አልነበረም። አባቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «መጣሁ!» ይል ነበር፤ መሃሏን ይስባትና መጨረሻዋን ይውጣታል። ፈረንጁ ቃሉን የተማረው ከሸክላዋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «እመጣለሁ» ሲል ልክ እንደዚያው ሳበና ዋጠው። እናቴ ጠፋኝ ያለችው ድምፅ በሰው አገር ሰው አፍ መጣ። ሳላውቀው ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ፤ ጥቁር ልብሴን አየ። ወዲያው ዘፈኑን ዘጋው። ጨዋ ልጅ ነው። «ይቅርታ እትዬ፣ ሐዘን ላይ መሆንዎን አላየሁም» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ለሐዘኔ ክብር።

«ክፈተው ልጄ» አልኩት።

«ሐዘን ላይ ነዎት እኮ...»

«ነኝ። አባቴ ነው። ክፈተው፣ ድምፁንም ጨምረው።»

ከመጀመሪያው አስጀመረው። የሳቀ አልነበረም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ የሚኒባሱ ጣሪያ ይጮሃል፤ ዘፈኑ ግን ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። እናቴ በአንድ ጆሮዋ ብቻ የለመነችኝን፣ እኔ ለማላውቀው መንገደኛ ሁሉ አስከፈትኩ።