በገመድ የዘራነው ጤፍ

አለቃዬ ከፍኖተ ሰላም ቢሮው በደወለ ቁጥር «የሥራ ተነሳሽነትሽ ወርዷል» ይለኛል። ወርዷል! እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ የኔን መነሳት ይለካል። እኔ ደግሞ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው የምሰማው።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ከሽንዲ ወዲያ ባለች ቀበሌ። በዚያ ክረምት ጤፍ በመስመር ዝሩ ብዬ አገሩን ሁሉ ብለምን እሺ ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የጫኑ እማሆይ። ያለቻቸው አንዲት ማሳ ናት። ገመድ ወጥረን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ ጎንብሰን፣ ዘሩን በጣት እየቆነጠርን ዘራናት።

ሲበቅል ሳሳ። በመስመር የተዘራ ጤፍ መጀመሪያ ላይ እንዲያ ነው፣ ራሰ በራ ይመስላል። ምርቱን ሊካፈል ማሳውን በእኩል የሚያርስላቸው ሰውዬ አየና በሳቅ ሞተ።

«እማሆይ፣ ዘርዎን ለወፍ አበሉት! ጊዜው ሳያልፍ ልገልብጠውና እንደ አባቶቻችን ልበትነው።»

እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትያለሽ ልጄ?»

ብሳሳት የሚራቡት እሳቸው ናቸው፤ የኔ ደመወዝ እንደሆነ አይቀር።

«አይገለበጥም!» አልኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ደወለ፤ በወሬ ማን ይቀድመዋል። «መሳቂያ ከምትሆኚ ወደዚህ ተዛወሪ፣ ቢሮ ውስጥ ቦታ አለ» አለኝ። አልመጣም አልኩት። ፍልሰታን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከእማሆይ ጋር አረም ነቀልኩ። ባለሙያ አያርምም ይላሉ። ይበሉ! እሳቸው በጾም አንጀታቸው ሲያርሙ እኔ ደብተር ይዤ ልቁም?

መስከረም ሲጠባ አንዱ ዘር አራት አምስት አገዳ እያወጣ ማሳው ጥቅጥቅ አለ። ከአጨዳ በኋላ ያ ሰውዬ ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ለከርሞ ገመዱን ታውሱኛላችሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ለወፍ ልታበላበት?» አሉት እማሆይ።

እሱ ሲሄድ ያስጨነቀኝን ጠየቅኳቸው። «ባይሆንልንስ ኖሮ ምን ሊበሉ ነበር?»

«አንቺ ጋ እመጣ ነበራ! ካለሽ አብረን እንበላለን፤ ከሌለሽም አብረን እንራባለን።»

እየቀለዱ አልነበረም። አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ!

አለቃዬ ዛሬም ይደውላል። እኒህን ሴት ትቼ የማንን ወንበር ላሞቅ ነው?