የአባቴ ቀኝ ዓይን

የከሰል ሽታ ታጥቦም አይለቅም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቡሬ ፀጉር ቤት የከፈተ አንድ ሰው ነጭ ቀለም የተቀባ ላሜራ ተሸክሞ መጣና ሱቄ ደጃፍ ላይ አቆመው። «የወንድ ጭንቅላት ሥሪልኝ፤ ወደ ጎን የዞረ ይሁን፤ ቁርጡ ጥርት ብሎ እንዲታይ» አለኝ። በከሰል ግንባሩን አወረድሁ፤ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ አገጩን። ዓይኑ ላይ ስደርስ ከሰሉ ጣቴ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተሰበረ ከሰል የራሱ ሽታ አለው፤ ዝናብ የገባበት ምድጃ ዓይነት። ያ ሽታ ነው ሥራ ያስፈታኝ። ሰውዬው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ይጠብቀኛል፤ እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ነኝ።

ኮሌጅ ተማርሁ ብል ውሸት ይመስላል። ትምህርቴ የቆመው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ግን ፍኖተ ሰላም ያለው ኮሌጅ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው ሁሉ አጭር ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ ሥዕልና የማስታወቂያ ጽሕፈት። ወሬውን ጅጋ ገበያ ሰምተው ያመጡልኝ አባቴ ናቸው። አገራችን ከጅጋ ወደ ቋሪት ሲወጣ ያለው ደጋ ነው።

አባቴ ሥዕል ይወዱ ነበር። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። እንጨት ሲፈልጡ ስንጥር ግራ ዓይናቸውን መታውና ጠፋ። አካሉ የጎደለ አይቀስስምና ቅስናው በዚያው ቀረ፤ ወደ እርሻ ተመለሱ። ዳዊታቸውን ግን አልተዉም። በንግሥ ቀን የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥም ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳያዩ አይመለሱም ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እጄን ይዘው ወሰዱኝና በሹክሹክታ «እያቸው» አሉኝ። «እነዚህ ፊት ለፊት የሚያዩሽ፣ ሁለት ዓይን ያላቸው፣ ጻድቃን ናቸው። እነዚያ ወደ ጎን የዞሩት፣ ባለ አንድ ዓይኖቹ፣ ጌታን የሰቀሉትና ይሁዳ ናቸው። ሠዓሊ ለኃጥእ ሁለተኛ ዓይን አይሰጠውም።»

ቀና ብዬ የአባቴን ፊት ልመለከት ነበር። ደነገጥሁ። እግራቸውን አየሁ።

ከዚያ ወዲህም የአባቴን ፊት አይቻለሁ ማለት አልችልም። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በአባቷ ላይ ዓይኗን አትጥልም፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ የባስሁ ዓይነ አፋር ነበርሁ። ሰውን የማውቀው በእግሩና በድምፁ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ የሰው አካል አሣሣል ልማር ኮሌጅ የገባሁት። ክፍሉ አዲስ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸት ነበር፤ ፀሐይ ስትበረታ የጣሪያው ቆርቆሮ ቋ ቋ ይላል። ተቀምጦ የሚሣል ሰው ከየት ይመጣል? ተራ በተራ እኛው እንቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህራችን አንዱን የቡሬ ልጅ «ሸሚዝህን አውልቅና ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» አሉት። ክው አልሁ። ልጁ አወለቀና ተቀመጠ፤ ቀልደኛ ነበርና ክንዱን ወጥሮ እንደ ጀግና ተገተረ። ሌሎቹ ወረቀታቸው ላይ አጎነበሱ፤ እኔም አጎነበስሁ፤ ግን ቀና አላልሁም።

መምህሩ እየዞሩ ሲያዩ እኔ ጋ ደረሱና ቆሙ። ወረቀቴ ላይ ሁለት እግር ነበር። ሁለት እግር፣ ሁለት ኮንጎ ጫማ፣ ከዚያ በላይ ምንም።

«የቀረውስ ሰውዬ የት ሄደ?» አሉ።

የቡሬው ልጅ ከወንበሩ ላይ አንገቱን አሰገገና «ቲቸር፣ ይተዋት! ጫማ ቤት ልትከፍት ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጫማው ግን እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር፤ የላስቲኩ ስንጥቅ እንኳ አልቀረኝም።

መምህሩ አልሳቁም። «ስሚ፣» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣ «ማየት ስድብ አይደለም። ሰው የሚሣለው ሲታይ ነው። ቀና በይ።»

ቀና ማለት ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ እጅ፤ ተራራ እንደሚወጣ ሰው። አንገት ላይ ስደርስ የእኔ ተራ መጣና እኔው ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤ ቁጭ ስል የክፍሉ ሰው ዓይን ሁሉ እንደ ዝንብ ፊቴ ላይ ሰፈረብኝ። ሥራው ሲያልቅ እንደ ልማዳችን እየዞርን የየሰዉን ወረቀት አየን። አንዷ አሳምራኛለች፤ አንዱ አስረጅቶኛል። የቡሬው ልጅ ጋ ስደርስ ቆምሁ።

ወደ ጎን ዞሬአለሁ። አንድ ዓይን።

«ምን አደረግሁህ?» አልሁት። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምነዋ? አላማርሽም እንዴ?»

«ምን ኃጢአት አይተህብኝ ነው?»

ልጁ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ፤ በማግሥቱም አልሄድሁም። ስመለስ መምህሩ ይጠብቁኝ ነበር። የቡሬውን ልጅ በእኔ ወንበር አስቀመጡት፤ እኔን በእሱ ቦታ አስቀመጡኝ።

«ስንት ዓይን አለው?»

«ሁለት።»

«ከዚህ ሆነሽ ስንቱን ታያለሽ?»

አየሁ። አንድ ነው። ልጁ ያችን አንዷን ዓይኑን ሳያዞር «እኔም ይሁዳ አይደለሁም፣ እመኚኝ» አለ፤ አሁንም ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ደንግጬ ቀረሁ። ለካ ሰው ባለ አንድ ዓይን የሚሆነው በኃጢአቱ አይደለም፤ በሚያየው ሰው መቀመጫ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርሁት ነገር እንዲህ ቀላል ነበር?

ያን ዕውቀት ይዤ ለገና አገሬ ገባሁ። አውድማው ገና ጭድ ጭድ ይሸታል። አባቴ ጠዋት ጠዋት የቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ሳያዩኝ በቀኛቸው በኩል ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሆን ብዬ ነው በቀኝ የሆንሁት። የጠፋችው ዓይን በግራ ናትና ከዚያ አትታይም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጉንጫቸው፣ ጢማቸው፣ ዳዊቱን የያዘው እጃቸው፣ መጽሐፉ ላይ ያቀረቀረችው ዓይናቸው፤ ሁሉም እንደ ውኃ ወረደልኝ። እንደዚያ ያለ ሥዕል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም።

መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። «እሰይ የኔ ልጅ! ጢሙ፣ ጢሙን እዩልኝ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ። «ኧረ በስመ አብ! ኧረ አባትሽ ምን በደለሽ?»

አባቴ መጡና ወረቀቱን ተቀበሏት። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት። አሁንም አስጠጉት። ዳዊቱ ብብታቸው ሥር ነበር።

«ልጄ፣» አሉ፣ «እኔን ከየትኞቹ ጋር ነው ያቆምሽኝ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አባ፣ ከተቀመጥሁበት የምትታየኝ አንዷ ብቻ ናት። መምህራችን የምታዩትን ሣሉ ነው የሚሉን።»

«ታዲያ ተነሥተሽ መቀመጫሽን ብትለውጪስ?»

አባቴ ጣታቸውን በጠፋችው ዓይናቸው ሥር አደረጉ። «ለዚህች ብለሽ ነው?»

«እንዳይከፋዎ ብዬ ነው» አልሁ። የተናገርሁት ለእግራቸው ነው።

እናቴ ወረቀቱን ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። «ከዚህ ወዲያ የትም አትሄጅም! አባትን ይሁዳ ማድረግ ነው ትምህርቱ?» ስትል ኮሌጁ በዚያ አለቀ ብዬ ነበር። አባቴ ግን «ተያት» አሉ። «ነገ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ። ሁለቱንም ትሥራ። ይህችንም እንዳለች።»

በማግሥቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ለንግሥ እንደሚሄድ ሰው ተቀመጡ። በግራ ዓይናቸው ጀመርሁ። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። የሞተች፣ የምታስጠላ ነገር ትመስለኝ ነበር። ነጯ የወተት ስልባቦት ይመስላል፤ ጥጓ ላይ ስንጥሩ የገባበት ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ሽፋሽፍቷ ግን አንድ ሳይጎድል እንዳለ ነው። ደግሞ አባቴ ወፍ ሰምተው ወደ ዛፉ ዞር ሲሉ እሷም ዞረች። ከሰሉ ከእጄ ወደቀ። ሞታለች ያልኋት ዓይን ከእኅቷ ጋር ትዞር ነበር! እሷን የፈለግሁትን ያህል አየኋት፤ አታየኝማ።

ችግሩ ቀኟ ነበረች። ቀና ባልሁ ቁጥር አባቴ ያዩኛል፤ አቀረቅራለሁ። እንደገና ቀና፤ እንደገና ማቀርቀር። የሠራሁትን በጨርቅ አጠፋሁ፣ ሠራሁ፣ አጠፋሁ። ጥላው ወደ ደጁ ሲዞር በቀኟ ቦታ የቀረው እንደ ጭስ ያለ ግራጫ ብቻ ሆነ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ነው። «የጠፋችውን አበራሽ፣ ያለችውን አጠፋሽ!» አሉ። ከዚያ በጣታቸው አንዴ ግራዋን፣ አንዴ ቀኟን ነኩ። «ቢሆንም ሁለት ናቸው።» እናቴን ጠርተው «አየሽ? ሁለት ናቸው» አሏት። ለእኔም «ይህችን ለፋሲካ ስትመጪ ትጨርሻታለሽ፤ እኔ የትም አልሄድ» ብለው ሥዕሉን ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ወደ ኮሌጄ ተመለስሁ።

ለፋሲካ በአገሩ ውጊያ ተነሥቶ መንገድ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራ ፍለጋ ወደ ቡሬ መጣሁ፤ ዛሬ ነገ ይከፈታል እያልሁ ቆየሁ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የአገራችን ሴት አገኘችኝ፤ በርበሬ ልትገዛ ከጅጋ በእግሯ የመጣች። እጄን ይዛ «እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ነበሩ» አለችኝ።

ከሌላ ሰው ጋር ተሳስታ ነው ብዬ ፈገግ አልሁ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ያን ፈገግታዬን ነው። ሴትዮዋ እጄን አልለቀቀችም። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

በእግር ተጉዤ የደረስሁት ለአባቴ አርባ ነው። ሥዕሉ ምሰሶው ላይ ነበር፤ ጠርዙ ተጨማድዷል። አባቴ ትልቅ ፎቶ አልነበራቸውምና ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ይዘው ያለቀሱበት እሱን ነው። «ያየው ሁሉ ‹ምነው ዓይናቸው?› ይላል፤» አለች እናቴ፣ «የሚሉትኮ ስለ ቀኟ ነው። ጨርሺለት እንጂ። ቃል ተገባብታችሁ የለ?»

የጽድ ጭራሮ ቆርቆሮ ውስጥ አክስዬ ከሰል ሠራሁ። ሥዕሉን አውርጄ ደጅ፣ እሳቸው የነበሩበት ቦታ አስደገፍሁት። ከሰሉን አስጠጋሁ። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ከባድ ነበር ወይስ ቀላል? ጥጓ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ምንም አልመጣልኝም። ዓይኔን ጨፈንሁ። የመጣልኝ እግራቸው ነው፤ ተረከዛቸው ላይ ያለው ንቃቃት፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር። ከዚያ ግራ ዓይናቸው ከነሽፋሽፍቷ። ያላየችኝን ዓይን በቃሌ አውቃታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየችኝን ዓይን አላውቃትም።

«እማ፣» አልሁ፣ «ቀኝ ዓይናቸው ምን ይመስል ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? አባትሽን አታውቂውም?» አለችና አየችኝ። ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዓይነ አፋርነቱን ከማን ያመጣሽው መሰለሽ? አባትሽኮ ዓይኑ ከጠፋ ወዲያ ሰው ፊት ቀና ብሎ አያውቅም። ገበያም ቢሄድ እግር እግር እያየ ነው የሚሄድ። ያን ቀን ብቻ ነው ቀና ብሎ የተቀመጠ። አንቺ ትይው ብሎ። እንዴት እንደጨነቀው እኔ ነኝ የማውቅ።»

ከሰሉን አስቀመጥሁ። ሥዕሉን እንዳለ ወደ ምሰሶው መለስነው።

«አንቺ፣ ዓይኑን ረሳሽው እንዴ?» ይለኛል ፀጉር አስተካካዩ። ለካ ስልኩን አስቀምጦ ላሜራውን እያየ ነው።

ቀና አልሁና አየሁት። እውነትም አየሁት። ቡናማ ናቸው ዓይኖቹ፤ በቀኟ ጥግ ቀጭን ቀይ ክር አለ፤ የግራዋ ቆብ ትንሽ ይከብዳል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ሰውዬው ደነገጠ። አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ጫማው አየና አቀረቀረ።

«ምነው እታለም፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም» አልሁት። «ቀና ይበሉልኝ እንጂ።»